ሊብሬው ሰማያዊ ይላል

ሰኞ

«ይቺ መኪና ሰማያዊ አይደለችም» አለኝ የቦሎ መርማሪው። ሊብሬውን ኮፈኗ ላይ ዘርግቶ አንዴ ወረቀቱን አንዴ መኪናዋን ያያል። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ተብሎ ተጽፏል። ኮፈኗ ግን፣ እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፣ አመድ ሆኗል።

ጥፋቱ የኔም ነው። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት በናፍጣ አሸኋት። አባዬ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በየሳምንቱ ያደርገው ነበር፤ የድሬ አሮጌ ሾፌር ሁሉ ያደርገዋል። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ሲያልፍባት ሰማያዊዋ ቁልጭ ይላል። ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ፀሐዩ ናፍጣውን መጠጠው፣ አቧራው መጥቶ ተለጠፈ፣ ተራዬ ሲደርስ መኪናዋ ዝንጉርጉር ሆና ቁጭ። ከኋላዬ ያለው የሲኖ ሾፌር «አቦ፣ ናፍጣውን አብዝተሽዋል» ብሎ ሳቀብኝ።

መርማሪው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። በጣቱ ጠረግ አደረጋት፣ ጣቱን አየ፣ አሸተተ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ቀለም ቀይሬ የምሸፍን መስሎታል። ወላሂ አልቀየርኩም አልኩት። ወላሂ ደግሞ ፎርም ላይ አይሞላም። ወይ ቀለሟ ከሊብሬው ጋር ይመሳሰል፣ ወይ የቀለም ለውጥ ማመልከቻ አስገቢ አለኝ። ማመልከቻው ሻንሲ ማስመርመር አለው፣ ደብዳቤ አለው፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም። እስከ አርብ ጊዜ ሰጠኝ፣ ያኔ መልሶ ያያታል።

ቅዳሜ የክትባት ዘመቻ ይጀመራል። ክትባት ሰጪዎቹን ገጠር ቀበሌ ለቀበሌ የማዞረው እኔ ነኝ፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቦሎ ያላደሰ መኪና ከዝርዝሩ ይወጣል። እኔ ስወጣ ሌላ ሰው ይገባል፣ የገባ ሰው ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ አርብ ማለት ለኔ ሁሉም ነገር ነው።

ማክሰኞ

ናስር ምሳ ሊበላ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ታይዋን ገበያ ስልክ ይሸጣል፣ በሁሉም ነገር ሐሳብ አለው። «ነጭ አስቀቢያትና ተገላገይ አቦ። የድሬ መኪና ሁሉ ነጭ አይደል?» ሊብሬው ሰማያዊ ነው የሚለው ስለው «እንግዲያው ሰማያዊ አስቀቢያት» አለ፣ አፉ ሩዝ እንደሞላ። እማ ሳቀች። እኔ ግን ምን ዋሸ አልኩና ተነሥቼ ጋራዥ ሄድኩ።

ቀለም ቀቢው የቀለም ካርድ ሰጠኝ። ሰባት ዓይነት ሰማያዊ። የትኛው ነው ያንቺ? ብሎ ጠየቀኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት መኪና ናት። ዞሬ አየኋት፦

ኮፈን፦ ሲነኩት እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል።
በሮች፦ ብዙ የታጠበ ጂንስ።
የሾፌሩ በር መሐል፦ የድሮ ባለቤቶቿ ስም ተለጥፎበት የነበረ ቦታ፣ አራት ማዕዘን፣ ደማቅ።
በሩን ሲከፍቱት የውስጡ ጠርዝ፦ ዓይን የሚይዝ ሰማያዊ። ፀሐይ አይቶት አያውቅም።

አራት ሰማያዊ በአንድ መኪና ላይ። ቀቢው መልካም ሰው ነው፤ ሥራዬን ልሥራ ሳይል እውነቱን ነገረኝ። «ዛሬ ብቀባት አርብ ድረስ ሽታዋ አይለቅም። መርማሪ ደግሞ አዲስ ቀለም ሲያይ ከሥሩ ምን ተደበቀ ነው የሚለው።» ከዚያ ከዚራ ሰፈር ጋሽ ተፈራ የሚባሉ አሉ፣ ዕድሜያቸውን የባቡር ፉርጎ ሲቀቡ የኖሩ፣ ሂጂ ጠይቂያቸው አለኝ።

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ሽርጣቸውን አሸርጠው ግቢያቸው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማሉ። ሊብሬውን ዘረጋሁላቸው፣ አላዩትም። የመሐረባቸውን ጫፍ በምራቅ አርሰው ኮፈኗን ፈተግ ፈተግ አደረጉ። መሐረቡ ሰማያዊ ሆነ።

«እሰይ» አሉ።

«ጋሼ፣ እየለቀቀ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ይልቀቅ እንጂ። ባይለቅ ነበር የማዝንልሽ።»

የዛሬ መኪና ከቀለሙ በላይ መስተዋት የመሰለ ሌላ ሽፋን አለው፣ እሱ ከተላጠ አለቀለት አሉኝ። የዱሮዎቹ ግን አንድ ወፍራም ቀለም ብቻ ናቸው። ፀሐይ ላይ ላዩን ይገድለዋል፣ ከሥር ያለው ደህና ነው። የሞተውን ከላዩ ማንሣት ነው። ናፍጣ ስላቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት። ፀሐይ ከቀደመችሽ አትምጪ።»

ረቡዕ

ጠዋት ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላውን መጻፍ አልፈልግም፣ ግን እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ናፍጣውን በሳሙና ማስለቀቅ። አራት ባልዲ። ጋሽ ተፈራ ከኋላ ከኋላዬ በደረቅ ጨርቅ ይከተሉኛል፤ የድሬ ውሃ ጀበና ውስጥ ኖራ የሚጥል ውሃ ነው፣ መኪና ላይ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይተክላል። ከዚያ ፖሊሹ። ትንሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥ አድርጎ ወደፊት ወደኋላ። መዞር የለም፣ መጫን የለም። የመጀመሪያው ስንዝር ከአመዱ ውስጥ ሲወጣ ሳላስበው ማሻአላህ አልኩ። እንደዚህ ሰማያዊ መሆኗን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አጥሩን ሲሻገር ጋሽ ተፈራ ጨርቁን ከእጄ ወሰዱ። ቆርቆሮ ሲግል ቀለም ይልማል፣ ይብቃን አሉ። የተሠራው አንድ የጎማ ፓራፋንጎና የኮፈኗ ግማሽ ነው። አርብ ከነገ ወዲያ ነው። እሺ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሰባት ሰዓት። ድሬ ተኝታለች። ናስር በርጫው ላይ ነው፣ ጋሽ ተፈራ ተኝተዋል፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። እኔ ግቢያችን ውስጥ መኪናዋን አያለሁ። ደግሞ ሽማግሌ ሁሉ ይፈራል አልኩ ለራሴ። አጉል ድፍረቴ ነው መቼም፣ ከአባዬ የወረስኩት። ጨርቁን አነሣሁ።

ፖሊሹ ገና ሳላሸው ይደርቃል። ሲደርቅ ተጫንኩት። ሲብስ ይበልጥ ተጫንኩት። የኮፈኗ ጠርዝ ላይ ሰማያዊው ሳሳ፣ ሳሳና ሄደ። ከሥሩ ግራጫ ወጣ። መዳፍ የሚያህል ቦታ። ጎማዋን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አባዬ ያን ሁሉ ዓመት ያልገጠባትን እኔ በግማሽ ሰዓት ገጠብኳት። እማ በመስኮት ምን ሆንሽ አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት። እውነትም ፀሐይ ነው።

ሐሙስ

ኮፈኗ ላይ ፎጣ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ጋሽ ተፈራ ፎጣውን አነሡት። ግራጫውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። 

«ስንት ሰዓት ነው ያሸሽው?»

«ሰባት ሰዓት።»

«ድሬ ውስጥ በሰባት ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም፤ አንቺ ኮፈን ታሺያለሽ?»

ይቅርታ አልኳቸው። ጠርዝ ሁልጊዜ ስስ ነው፣ ፋብሪካም ሲረጨው ቀለም ጠርዝ ላይ አይቆምም፣ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ አሉ። ደግነታቸው የባሰ አሳፈረኝ። በመንገዴ የገዛሁትን ትንሽ ጣሳ ሰማያዊ ቀለም አውጥቼ ልቀባው እንዴ ስላቸው፣ ተቀብለው መስኮታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይታይ። ሰኞ ዕለት ያስጠረጠረሽ መሸፈንሽ ነው። ተመልከቺ፣ ከሥር ግራጫው የፋብሪካው መነሻ ቀለም ነው፣ ከላዩ ሰማያዊ። መሐል ሌላ ቀለም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባች መኪና ናት። ይሄን ከኔም ከአንቺም አፍ ሳይሆን ከራሷ ይየው።»

አላመንኳቸውም። ቁስሉን ለመርማሪ ከፍቶ ማሳየት? ግን ጣሳዬ መስኮቱ ላይ ቀረ።

እስከ ሦስት ሰዓት ሠራን፣ ከዚያ ኒሙ ዛፍ ሥር አስገባናትና ቆርቆሮው እስኪበርድ ጠብቀን ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ቀጠልን። ኮፈን፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ አራቱም በሮች። በመጨረሻ ሰም። ስንለያይ ጋሽ ተፈራ አንድ ነገር አሉኝ፣ እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። በታሸች ቁጥር ትሳሳለች። ሌላ አንድ ጊዜ ትችል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግራጫው ነው። ጥላ ፈልጊላት፣ ናፍጣ አታስነኪያት።

ክንዴ እስክሪብቶ አይዝም። ቁርጤን ነገ አውቃለሁ።

አርብ

ከጁምዓ በፊት እንዲደርስልኝ በማለዳ ተሰለፍኩ። ያው መነጽራሙ ነው። መኪናዋን አላወቃትም፣ እኔን ግን አወቀኝ።

«ቀባሻት» አለ።

 አልቀባኋትም፣ አሸኋት እንጂ አልኩ። ጎንበስ ብሎ በሩን አሸተተ። ከፈተው፣ የውስጡን ጠርዝና የውጭውን አስተያየ። ዛሬ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከዚያ ወደ ኮፈኗ ዞረ። ቁስሉን በሰውነቴ ልከልለው ሌሊቱን ሳስብ ነበር፤ እግሬ ሲንቀሳቀስም ተሰማኝ። ቆም አልኩ። «እሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ በሰባት ሰዓት ፀሐይ» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ተጠጋ። በጥፍሩ ጫረው። ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ሌላ የለም።  የጁምዓ ሰው ማለፍ ጀምሯል፣ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሻለሁ።

«በሰባት ሰዓት?» አለ። ከዚያ ሳቀ። የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ ና እይ፣ የፋብሪካ ቀለም ማለት ይሄ ነው አለው። ሁለቱ የኔን ቁስል ጎንበስ ብለው ሲያደንቁ እኔ የምይዘው አጣሁ። ጽፎ ሰጠኝ። ቀለም፦ ሰማያዊ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቦሎዋን ለጥፌ እዚያው ውስጧ ተቀምጬ ደወልኩ። የዘመቻውን መኪኖች የምታስተባብረው ሲስተር «ሐሊማ፣ ሌላ ሰው ልንጠራ ስልክ ይዘን ነበር» አለችኝ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ደጃችሁ ነኝ አልኳትና ዘግቼ ጥሩ ለቅሶ አለቀስኩ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛዬ ነው፣ ይሄኛው ግን ደስ ይላል።

እማ ግቢ ድረስ ወጥታ መዳፏን ኮፈኗ ላይ አሳረፈች። የመጣች ቀን እንዲህ ነበረች አለችና ገባች። ናስር ሁለት ጊዜ ዞራት፣ በሩ ላይ ፀጉሩን አስተካከለ፣ ለሠርጌ ትሰጪኛለሽ አይደል አለ። ሙሽራ እንኳ የለውም።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ፈጡም ፎቃቸው ላይ ልብስ ሊያወርዱ ወጥተው አዩኝ። ቦሎ አገኘሽ? አሉኝ ከላይ። አልሐምዱሊላህ፣ አገኘሁ።

«ማሻአላህ። በይ አሁን ደግሞ አስቀቢያት ልጄ፣ ነጭ ሆና ቀረች እኮ።»

ሽቅብ አየኋቸው። እሳቸው ከዚያ የሚያዩት ጣራዋን ብቻ ነው። ጣራዋን አልነካነውም፤ መኪናዋ ረጅም ናት፣ የጋሽ ተፈራ ጉልበት መሰላል አይወጣም፣ የኔ ክንድ አልቆ ነበር፣ መርማሪውም ቀና ብሎ አላየም። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ሳቄ መጣ። እሺ እትዬ አልኩና ተውኩት። ነገ የምሄደው ገጠር ነው፣ እዚያ ፎቅ የለም።