ሻለቃን ማሞቅ

ሰኞ፣ ነሐሴ 4

የመዝገብ ጥራዝ ስሰፋ ዋልኩ። አሥራ አንድ። መርፌዋ አውራ ጣቴን ወጋችኝ፤ የሚያሳስብ አይደለም። አለቃዬ «ሙጫው አልደርቅ አለ» እያሉ ሲነጫነጩብኝ ዋሉ፤ ዝናቡን የማዘንበው እኔ ይመስል። ማተሚያ ቤቱ በሙሉ የረጠበ ወረቀት ይሸታል።

ቤት ስገባ ሻለቃ ዛሬም ምግቡን አልነካም። ጎመኑ ጠውልጎ እንደተቀመጠ ነው። እንዲበላት የሰጠሁት ፌንጣ አፍንጫው ላይ ስትዘል ዝም ብሎ ያያታል። ሦስተኛ ቀኑ። ጠግቦ ይሆን? ሦስት ቀን የሚያጠግብ ምን በላ?

እንሽላሊት አለኝ ስል ሰው የግድግዳዋን ትንሿን ነው የሚያስበው። ይሄኛው ከነጭራው ክንድ ያህላል። ባለቤቴ ናት ያመጣችው፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የባዮሎጂ ክፍሉ ሲታደስ የሚወስደው ጠፍቶ። «ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለችኝ። ይኸው ስድስት ዓመት። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰልፍ የሚጎበኝ ስለሚመስል ሻለቃ ያለችውም እሷ ናት።

እሷ ካረፈች አሥራ አራት ወር ሆነ። እሱ አለ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ስለ ወጀቡ ያወራል። ነገ ይገባል አሉ። ከሥራ በጊዜ ለቀቁን።

አማቴ ደወሉ። «ወንዙ አጥሬ ሥር ደርሷል። አትምጣ፤ እንዲያው እንድታውቀው ብዬ ነው።»

እሳቸው ና ብለው አያውቁም። ሄድኩ።

በር ላይ ጠበቁኝ፤ ሻንጣቸውን ቆልፈው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው። የመድኃኒት ከረጢታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ በታክሲው መስኮት ሲያዩ መጡ። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ስናድር የመጀመሪያችን ነው። በስልክ እንኳ ከሰላምታ አናልፍም።

ሳሎን ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው የመስታወት ሳጥኑ ላይ ነው።

«ይሄ ነገር አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ልጄን ቀብረን... ይሄ አለ።»

ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው። ስኳር ስንት እንደሚጨምሩ ረስቻለሁ። ልጠይቅ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ነፋሱ የጎረቤትን የጣሪያ ቆርቆሮ ገንጥሎ መንገድ ለመንገድ እየጎተተ ይወስደዋል፤ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ቀትር ላይ ሻማ አበራን።

የሻለቃ የሙቀት አምፖል ጠፋ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መስታወቱ ቀዘቀዘ። እሱ ደግሞ ጥጉን ይቆፍራል፤ ይቆፍርና ይተኛል፤ ይነሳና ይቆፍራል። ሆዱ ተነፍቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል። እንዴት እስከዛሬ አላየሁም? በየቀኑ አየዋለሁ እኮ... አየዋለሁ እንዴ?

ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሆዱን ቀስ ብለው ይዳስሱት። ኳስ ኳስ የሚል ነገር አለ?»

«አለ። ብዙ ነው።»

«እንቁላል ነው። መውጣት አቅቶት ነው።»

«ወንድ ነው እኮ!»

«ማን አለዎት?»

«ባለቤቴ።»

«ሴት ናት። ያለ ወንድም እንቁላል ይይዛሉ፣ እንደ ዶሮ።»

ስልኩን ዘግቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። «የባዮሎጂ መምህርት!» ብለው ድንገት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሐኪሟ ያለችኝን እዚህ ልጻፈው፣ እንዳልረሳ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። ጨለማና ጸጥታ። የምትቆፍርበት እርጥብ አሸዋ። ከሁሉም በላይ ሙቀት፤ ከቀዘቀዘች ለመግፋት አቅም አይኖራትም። ካልሆነ ቀዶ ጥገና ነው። ክሊኒኳ ግን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩ ተዘግቷል። እሷ ወዲህ መምጣት አትችልም፣ እኛም መሻገር አንችልም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ውሃ እያፈላሁ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ጠርሙሱን በካልሲ ጠቅልዬ በግራና በቀኝ አስቀምጥላታለሁ። በየሰዓቱ መቀየር ነው። አሸዋ አጣሁ፤ የአበባ ማሰሮውን አፈር ገለበጥኩላት።

ሐኪሟ ካልሲየም ካለ ትንሽ በስሪንጅ ስጧት ብላለች። ፋርማሲ ዝግ ነው። ለራሴ ሳጉረመርም አማቴ ከረጢታቸውን ከፈቱ።

«ለአጥንቴ የታዘዘልኝ ነው። ካልሲየም ነው ብሎኛል ዶክተሩ።»

«ለእርስዎስ?»

«እኔ እንቁላል አልጥል።»

ደውዬ ጠየቅኩ፤ ትንሽ ቁራሽ ፈጭተው በውሃ፣ አለች። በማንኪያ ጀርባ ፈጨሁት። አፏን መክፈት ነው ሥራው። እሳቸው መንጋጋዋን በሁለት ጣት እንዴት እንደያዙ! ከትናንት ወዲያ «ይሄ ነገር» ያሉት ሴትዮ። «ዋጪ እንጂ እናቴ፣ ዋጪ» ይሏታል።

ስድስት ሰዓት ላይ አንድ እንቁላል ወጣ። ነጭ አይደለም፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ የተጨማደደ። ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ። ከዚያ ቆመ። ሰውነቷ እንደ ማሲንቆ ክር ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል።

«ምጥ ነው ይሄ» አሉ አማቴ። «ሌላ ስም አትስጠው።»

አሥር ሰዓት ላይ ጋዙ አለቀ። ሲሊንደሩን ነቀነቅኩት፤ ባዶ። የመጨረሻው ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ ቆሜ አየሁት። ምን ላድርግ? ወረቀት ላቃጥል? ቤቱ በጢስ ይሞላል...

«ወዲህ በላት» አሉኝ።

«ማንን?»

«አምጣት አልኩህ።» የሹራባቸውን ቁልፎች ፈቱ።

«ትቧጭርዎታለች፣ እማማ።»

«ጥርስ ያበቀለ ልጅ አጥብቻለሁ። አምጣት።»

ደረታቸው ላይ አስተኛኋት። ጭራዋ በሆዳቸው በኩል ወረደ። ሹራቡን ዘግተው ጋቢያቸውን ደረቡበት። ሲቀዘቅዛቸው አየሁ፤ ትከሻቸው ዘለለ፤ ግን አልጮኹም። እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሱም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

የሳሎኑ መስኮት ተሰበረ። ፍራሹን ወደ ኮሪደሩ ጎተትነው። መስኮት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ሻለቃን በየተራ እንታቀፋታለን። የእሷ ቆዳ ሻካራ ነው፤ ትንፋሿ ግን... ትንፋሽ እንዳላት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ደረቴ ላይ ትነፋለች፣ ትጎድላለች።

ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነበር። ውጭ ነገሮች ይወድቃሉ። ምን እንደሆኑ መገመት ትተናል።

የእሳቸው ተራ ነበር። ጭንቅላቷን እያሻሹ፣ እኔን ሳያዩ፣

«ያን ዕለት ለምን ጥለሃት ሄድክ?» አሉ።

አሥራ አራት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱንም ስንቴ አሰናድቼዋለሁ፤ አንዴ ከነማመካኛው፣ አንዴ ያለ ማመካኛ። ሁሉም ጠፋኝ።

«ድካም ነው አለችኝ። እተኛለሁ፣ ሂድ አለችኝ። የሚያልቅ ጥራዝ ነበረብኝ... ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤት ደወለልኝ።»

የሻለቃን ጭንቅላት ማሻሸታቸውን አቆሙ።

«ፊቷ ልክ አልነበረም» አልኩ። «አይቻለሁ። አይቼ ነው የሄድኩት።»

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህም ጽፌው አላውቅም።

ይነሳሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ሻለቃን ወደ ላይ ሳብ አድርገው አቀፏትና፣

«እኔም ጋ ደውላ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«ጠዋት። አንተ ከወጣህ በኋላ መሰለኝ። እማ፣ ደረቴን ከበደኝ አለችኝ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄ አረፋ ነው፤ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ። ብርድ ነው፣ ሙቅ ነገር ጠጪና ተኚ አልኳት። ቶሎ ዘጋሁት። ስልኩ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅብኝ።»

ነፋሱ በሩን ሲመታው ሁለታችንም ዘለልን።

«አንተን ስጠላ ከረምኩ» አሉ። «ይቀለኛል ብዬ።»

«ቀለለዎት?»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። እጃቸውን ልይዝ ፈለግኩ። ሁለቱም ሻለቃ ላይ ነበሩ። ቁርጭምጭሚታቸው ከጋቢው ወጥቶ በርዶ ነበር፤ እሱን በፎጣ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

አራት ወጡ እስካሁን። ገና አሉ፤ በጣቴ ይሰማኛል። ነፋሱ ረገበ። ውሃው አልወረደም። እጅግ ደክማለች፤ ራሷን ቀና አታደርግም።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

ድልድዩ በአንድ በኩል ተከፈተ። ሬዲዮው ሳይጨርስ ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤቴ ጋ ሮጥኩ። ቤቱ ውስጥ የገባውን ውሃ እየቀዳ ያወጣ ነበር፤ ለምን ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ የፒክአፑን ቁልፍ ወረወረልኝ።

አማቴ ከጎኔ ተቀመጡ፣ ሻለቃን ሹራባቸው ውስጥ አድርገው። መንገዱ መንገድ አይደለም። ዛፍ፣ ሽቦ፣ የሰው ፍራሽ፣ አንድ ሱቅ ከነመደርደሪያው ተኝቶ። ድልድዩ ላይ ውሃው ከጎማው ግማሽ ይደርሳል። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ «እንዴት ናት?» እላለሁ።

«ወደ ፊትህ እይ።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ «እንዴት ናት?»

«አለች። ወደ ፊትህ እይ።»

ሐኪሟ በቡት ጫማ በር ላይ ጠበቀችን። ወጣት ናት፤ በስልክ ትልቅ ሴት መስላኝ ነበር። አማቴ ቁልፋቸውን ፈትተው በሁለት እጃቸው አቀበሏት። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። መሣሪያውን ከጆሮዋ አወረደች።

«አዝናለሁ። ቆየት ብላለች።»

ቆየት ብላለች? ወደ አማቴ ዞርኩ።

«ድልድዩ ላይ ሳንደርስ ነው» አሉ። «ትንፋሿ ቆመ። ተሰማኝ።»

«አለች አሉኝ እኮ! ሁለቴ ጠየቅኩዎት!»

«እየነዳህ ነበር።»

«ቢነግሩኝስ?»

«ውሃው እዚህ ደርሷል» ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱ፣ «አንተ ወደ እኔ ትዞራለህ። ነግሬህ ገደል ልትገባብኝ? ሌላ ሰው ልቅበር?»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አንድ ሰው ውሻ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። በቀብሩ ዕለት ሰው አጽናንቼ፣ ወንበር ደርድሬ፣ ሁሉን ሸኝቼ ያላለቀስኩት ሰውዬ። ውሻው መጥቶ ጫማዬን አሸተተ። አማቴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። አላባበሉኝም። ቆሙ ብቻ።

ሐኪሟ ስትሸኘን «የቻላችሁትን አድርጋችኋል። ብዙ ሰው ቀዝቅዛ ነው የሚያመጣልኝ» አለች። «ይቺ እንደሞቀች ነው የመጣችው።»

ሰኞ፣ ነሐሴ 11

ከጓሮ ቀበርናት። አፈሩ እርጥብ ስለነበር ቶሎ ተቆፈረ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ማተሚያ ቤቱ ተከፈተ። ምድር ቤት የነበረው ወረቀት ሁሉ ሊጥ ሆኗል። ስናወጣ ዋልን። አለቃዬ አንዴም አልተነጫነጩም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

የአማቴ ቤት ጭቃ ገብቶታል። እስኪደርቅ እኔ ጋ ናቸው። ስኳር ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንድ ተኩል። ግማሹን እንዴት እንደሚለኩ አሳዩኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 30

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጥርት ብሏል። የባለቤቴን መቃብር ደለል እንደሸፈነው ሰው ነግሮን ነበርና ባልዲና አካፋ ይዘን ሄድን። አብረን። እሳቸው እስከዛሬ በጠዋት ነው የሚመጡት፤ እኔ ደግሞ እንዳላገኛቸው ከሰዓት። ለካ እሳቸውም እኔን እንዳያገኙ ነው ጠዋት የመረጡት። በመንገድ ላይ ነገሩኝ፤ ሁለታችንም ትንሽ አፈርን።

ጭቃውን እኔ ዛቅሁ። እሳቸው ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ አጠቡ፣ ፊደል በፊደል፣ ጣታቸውን እያስገቡ። እየሠሩ ታሪኳን አወሩኝ፤ ሰባት ዓመቷ ሳለ እንቁራሪት በትራስ ጨርቅ ውስጥ ደብቃ እንዳሳደረች። አላውቅም ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ስላደረገችው ነገር አወራኋቸው። እሳቸውም አያውቁም ነበር። ምን ያህል ነገር ለየብቻችን ይዘን ኖሮ...

የመቃብሩ ዘበኛ ውሃ ሊቀዳልን መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሲያየን የከረመ፣ አንዳችንን በጠዋት አንዳችንን ከሰዓት። አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ።

«እናንተ ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለ።

አማቴ ጨርቁን ጨመቁ። ቀና አሉ።

«ልጄ ነው» አሉት።

ባልዲውን ከዘበኛው ተቀበልኩ። ከባድ ነበር። ሳላፈስ አደረስኩላቸው።