መብራት የማያደበዝዝ ሞተር

ናስር ወንድሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም!

የምጽፍልህ ቱርክ አገር ኮንያ ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ደጅ ሆኜ ነው። ዛሬ ሥልጠናው ላይ የወፍጮህን ሞተር አራት እጥፍ የሚያህል ሞተር ሲያስነሱ፣ ልማድ ሆኖብኝ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። ድብዝዝ እንኳ አላለም! ሶፍት ስታርተር የሚሉት ዕቃ ኃይሉን ቀስ በቀስ ስለሚለቅለት ሞተሩ ሳያጓራ ተነሳ። ሠልጣኙ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔን ግን ከተማችን ግራና ናፈቀችኝ።

እኛ ዘንድ ወፍጮህ ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ድብዝዝ ይላል። እናቴ ከአጥርህ ማዶ ሆና «ናስር ሥራ ገባ፣ አላህ ይርዳው» ብላ ዱዓ ታደርግልሃለች። ሁለቴ ከደበዘዘ ደግሞ፣ እኔ ወፍጮህን በአንዴ አስነስቼው ስለማላውቅ፣ «ይሄስ የኔው ሚስባህ ነው» ብላ ትስቃለች። እዚህ ሥራ ብገባም ባልገባም የሚያውቅልኝ ጎረቤት የለም።

ያዘዝከኝን ስታርተር ገዝቻለሁ። ፖስትካርዱ ሞላብኝ እንጂ ወሬስ ነበረኝ፤ ባለቤትህን ሲቲንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። አንድ አደራ፦ የምመጣበትን ቀን ለእናቴ አትንገራት። ዕቃውን ከመግጠማችን በፊት ሞተሩን እኔ ላስነሳው። መብራቱ ሁለቴ ይደብዝዝና እሷው ራሷ ሮጣ ትምጣ።

የናንተው ሚስባህ