የቴሌቪዥኑ መዋጮና የአዴ ዘሃራ ልጅ

ሰኞ፣ የካቲት 4። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አሁንም ደረሰኝ ላይ ነኝ። ካርቦኑ አርጅቷል፣ ከሥር ያለው ቅጂ አይነበብም። ጣቶቼ ብቻ ሰማያዊ ሆነው ቀርተዋል። ከጠዋት ጀምሮ የመጣ ከፋይ አንድ። እሱም የውሃ መስሎት ነው። ለቴሌቪዥን ነው ስለው ብሩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው። ደረሰኙ ተቆርጧል አልኩት። እያጉረመረመ ወጣ። ደስ አለኝ።

ላንቺ ለደብተሬ ልንገርሽ፣ ሌላ የምነግረው የለኝም። ቴሌቪዥኑ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ተቀምጧል። አባወራ ሁሉ በየዓመቱ ይክፈል ተብሏል፤ አየም አላየም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ለቀበሌ ጸሐፊ ይህም ሹመት ነው። ጨጓራዬ ዛሬም አላስቀመጠኝም። የቡናው አበባ ከየጓሮው ይሸታል፤ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔን ራሴን ያመኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7። ከስብሰባ መልስ

ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭቅጭቅ። አባ ፊጣ ተነሡ። ልብስ ሰፊው፣ የእድሩ ሰብሳቢ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ያ ነው የሚያቃጥለኝ። ለመንገዱ አዋጣሁ፣ እሄድበታለሁ፤ ለውሃው አዋጣሁ፣ እጠጣዋለሁ፤ ይህን ግን ግዛልኝ ያልኩት የለም፣ በገዛ ገንዘቤ ቤቴ ያስገባሁ ዕለት እከፍላለሁ አሉ። ደግሞስ በማን ቋንቋ ነው የሚያወራው አሉ። ሬዲዮኑ ቢያንስ በቋንቋችን ሰላም ይለናል። ከኋላ ያሉት ኤዬ፣ ኤዬ አሉ። አዎ ማለታቸው ነው፤ እዚህ አገር ለአሥራ አራት ዓመት ኖሬ ያንን እንኳ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

መለስኩ። ያልታመመ ሰው ስላለ ሆስፒታል አይሠራም ወይ አልኩ። ጥሩ መልስ ነበር። ማንም አልሰማኝም። ሊ/መንበሩ ተቆጣ፣ ያልከፈለ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አይቀበልም አለ። ፊታቸውን ሳይ ግን ስኳሩን ትተው ቡናቸውን በጨው እንደሚጠጡ ገባኝ።

ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። ከዚህ ቀበሌ የዘመቱ ልጆች በዚህ ሣጥን ይታያሉ፣ የጦር ግንባሩን ያሳያል አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሴቶቹ በሙሉ ቀና አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 10

አዴ ዘሃራ መጣች፤ አዴ እንደኛ እማማ ነው። ፊት ለፊቷ እርስዎ እላታለሁ፣ እዚህ ግን ማን ያየኛል። መበለት ነች። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቁራጭ የቡና መሬት አላት፣ ከዚያ ሌላ ያላት አንድ ልጅ ብቻ። ነዚፍ። ቡና መፈልፈያው ውስጥ ጆንያ ይሸከም ነበር። አምና ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ስለሚያምር እንዲህ ያለውን ሁሉ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ። ደብዳቤ ከላከ ስምንት ወሩ።

ከፈለች። ማንም ሳያስገድዳት። ከቀትር በኋላ አዳራሽ ከማንም ቀድማ ገባች፣ ከፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ቁም ሣጥኑን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። እስክከፍተው ጠበቀች። እኔ የማየው ከሆነ እሱስ ያየኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማን ያውቃል አልኳት። ሻሿን አስተካከለች! ለቴሌቪዥን! ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ዛሬ ሆነ።

ምስሉ እንደ ወትሮው ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል። አንቴናውን ጠምዝዤ ጠምዝዤ ሰለቸኝ። ዜናው ላይ ወታደሮች አለፉ፣ ረጅም ሰልፍ። ብዙም አልቆየ። አዴ ዘሃራ ብድግ አለች። "ነዚፍ! ኢልማ ኮ! ልጄ!" መስታወቱን በመዳፏ ልትይዘው ተጠጋች። ሰልፉ አልፎ ሌላ ነገር መጣ፣ ትራክተር።

ወደ እኔ ዞረች። አየኸው አይደል አለችኝ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ያየሁት ጀርባና ጠመንጃ ነው። አይቻለሁ አልኩ። አልበቃኝም፤ ራሱ ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል አልኩ።

ሲሚንቶው ላይ ተደፍታ ሰገደች። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ሌሎቹ ሴቶች አብረዋት አለቀሱ። አንዷ የእኔንስ አላየኸውም፣ ረዘም ያለ ነው አለችኝ። ነገ ደግሞ እናያለን አልኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 14። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሰልፍ! ከበሩ እስከ ግራር ዛፉ ድረስ። እናቶች በሙሉ። ከመቀነት የተፈታ ብር፣ ላብ ላብ የሚል። ባሎቻቸው ያልከፈሉት ሁሉ። አባ ፊጣ ከሱቃቸው በረንዳ ሆነው ሲያዩ አየኋቸው፣ የስፌት መኪናቸውን አቁመው።

ሊ/መንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንድም ሰው ስኳር ሳይከለከል! ወደ አውራጃ መ/ቤት እንድዛወር ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል። ምሳዬን ቅቅል በላሁ፣ ጨጓራዬ ዝም አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ ማኅተም። ነዚፍ። በጥር ወር፣ ግዳጅ ላይ እንዳለ ተሰውቷል። ለቤተሰቡ በቀበሌው በኩል ይነገር ይላል።

በጥር! እሷ ያየችው በየካቲት።

ከእኔ በቀር ያነበበ የለም። ሊ/መንበሩ አጋሮ ነው፣ ቢኖርም ወረቀት አያነብም። መርዶ ደግሞ ጊዜ አለው፤ ይህን እኔ አላመጣሁትም። ልጁ የሞተበት ሰው ሥራ እስኪጨርስ፣ ከመንገድ እስኪመለስ፣ በዓል እስኪያልፍ ይጠበቃል። እኔም እጠብቃለሁ። የአውራጃ ጎብኚዎች በ28 ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ።

መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቆለፍኩ። አሁን ሁለት ቁልፍ አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

በየቀኑ ትመጣለች። ተቀምጣ ታያለች። ወታደር ሲመጣ ትነሣለች፣ ወታደር ሲያልፍ ትቀመጣለች። ዘፈን ሲሆን ዓይኗን አታነሣም። ጎረቤቶቿ እንደ ሙሽራ እናት ቦታ ይለቁላታል። ዛሬ በመሶብ ብርቱካን አመጣችልኝ። በላሁት። ጣፋጭ ነው። ምን ላድርገው፣ ልጣለው?

ሰኞ፣ የካቲት 25። 8 ሰዓት

ቡናዋን ሸጠች። ፍሬውን አይደለም፣ አበባውን። ገና ያልደረሰውን፣ የመጪውን ዓመት። ነጋዴዎቹ በአበባው ሲገዙ በምን ያህል ርካሽ እንደሚገዙ ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ለምን ብላት የሁለተኛውን ዓመት መዋጮ አስቀድማ ልትከፍል ነው። ሰዉ መክፈል ሰልችቶት ሣጥኑ ቢዘጋስ ብላ ፈርታ።

የደረሰኙን ጥራዝ ሳብኩ። እጄ ቆመ። ደብዳቤው መሳቢያው ውስጥ፣ ከጉልበቴ በላይ ነበር፣ በአንድ የጣውላ ውፍረት። እርስዎ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ገና ነው፣ ገንዘቡን ለቤትዎ ያድርጉት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። ጎብኚዎቹ ግን ሦስት ቀን ነው የቀራቸው፣ አስቀድማ የከፈለች እናት ደግሞ ለሪፖርት የምታምር ነገር ናት።

ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ። እጄን ስማ መረቀችኝ፦ ልጅ ይስጥህ አለች። ከሄደች በኋላ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። ሪፖርቱን እኔ አነበብኩ። አዴ ዘሃራን አስነሣኋት፣ አጨበጨቡላት። አንደኛው ጎብኚ ሁሉም ከፍሏል ወይ አለ። ሊ/መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሰው ይቀራል አልኩ። አባ ፊጣ። ጎብኚው ሳቀ፣ ሊ/መንበሩ አልሳቀም። ዝውውሬ በእኒህ ሽማግሌ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ዛሬ ነበር ልነግራት ያሰብኩት። ደክሞኛል። ሌላ ቀን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30

አባ ፊጣ ራሳቸው መጡ! በእግራቸው፣ ወደ ቢሮዬ። ሳይቀመጡ ተናገሩ። አጋሮ አንድ ቁስለኛ ወታደር ተመልሷል፤ ነዚፍን ራሴ ቀብሬዋለሁ ብሏል። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ነገ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዱ ተስማምተዋል። ግን በወሬ እናት አትገደልም አሉ። ወረቀት ከመጣ ስጠኝ።

ካድኩ። ትኩር ብለው አዩኝ። ልብስ ሰፊ ዓይን አለው፣ የት ጋ እንደተጣፈ ያውቃል። መጥቷል አልኩ። መቼ አላሉኝም።

ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ። ወረቀቱ የሚሰጠው ግዴታውን ለተወጣ ነዋሪ ነው አልኩ። እንዲህ የሚል ደንብ የለም። እዚያው የወለድኩት ነው። እሳቸውም እንደሌለ ያውቃሉ። "ያ ረቢ" ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው። በመቶ ሰው ፊት እምቢ ያሉ ሰው፣ ለስኳር እምቢ ያሉ ሰው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ በእጄ አልሰጡኝም።

ደረሰኝ ቆረጥኩ። አልወሰዱትም። ደብዳቤውን ወሰዱ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ዝርዝሩ ሞላ። የቀረ አባወራ የለም። ከስማቸው ጎን ምልክቱን ሳደርግ እንደ ልጅ ነበር የሆንኩት፣ አልደብቅሽም። ወዲያው ለሊ/መንበሩ ሮጬ ነገርኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 1። 6 ሰዓት

ጎሕ ሳይቀድ ነቃሁ። ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ቤቷ ከእኔ ሦስተኛ ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ጩኸት ደግሞ እስከ ጅሬን ኮረብታ ይሰማል። ምንም። ዶሮ ብቻ።

የቤት አከራዬ አሁን ገብታ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። አባ ፊጣ አንብበውላታል። ሰማች። ቀኑ መቼ ነው ይላል አለች። ጥር አሏት። እኔ በየካቲት አይቼዋለሁ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ የሌላ ሰው ነው አለች። ዓይንሽ ነው አሏት። የእኔ ዓይን ብቻ አይደለም አለች፤ ጓድ ጸሐፊ አይቷል፣ ወፍሯል ብሎኛል።

ድንኳን እንዳይተከል ከልክላለች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ተመልሰዋል። ጎመን ስትቆርጥ ነበር አለች አከራዬ። ለምሳ።

እሑድ፣ ማታ

መጣች። ከፊት፣ ያው ቦታዋ። ሌሎቹ እናቶች ከኋላዋ። የሁለት ዓመት ከፍያለሁ፣ ክፈተው አለችኝ። ከፈትኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 2። 11 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ከቤቴ አሁን ወጡ። አምስት ነበሩ። አባ ፊጣ ስለ መዋጮው አላነሡም፣ ስለ ደንቤም አላነሡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ አሉኝ። "ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት" አሉ። ይለምኑኛል! ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ይሰበሰባል። እሷም ትኖራለች። እጠየቃለሁ። አላየሁም እንድል። አላየሁም ካልኩ ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ትድናለች፤ ካላለቀሰች ሐዘኑ ውስጧ ገብቶ ያጠፋታል አሉ። ስትጠብቅ ትሞታለች። ምግብ ለሁለት ሰው ታበስላለች አሉኝ።

አስብበታለሁ አልኩ። አስቤያለሁም።

አላየሁም ብል ከኋላዋ የተቀመጡት ሁሉ ይነሣሉ። ታዲያ የእኛንስ ለምን ይታያል አልከን ይላሉ። ብራችንን መልስ ይላሉ፣ የሚመጣው ዓመትም አይከፈልም። ዝውውሩ ይቀራል። ከሁሉም ደግሞ እሷ ታየኛለች። አንድ ጊዜ። ያንን ዓይን አልችለውም፤ ይኸው፣ ይህንንም ላንቺ ብቻ አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባ ፊጣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሆነ ነገር እንድል እየጠበቁ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ እሺ መስሏቸው ሄዱ።

አይቻለሁ እላለሁ። ወስኛለሁ። ቢያስምሉኝም እምላለሁ። ምን ለብሶ ነበር ካሉኝ ኮፍያ አድርጎ ነበር እላለሁ፤ ኮፍያ የሌለው ወታደር የለም። ፊቱስ ካሉኝ፣ ያየሁት ጀርባ ነው፤ ፊቱን እስከ ነገ አገኝለታለሁ።