«ገ» ላይ የወጣች ጭረት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። የምሳ ሰዓት

ዛሬም ውኃ አበዛሁበት። ቆዳው ልፍስፍስ ብሏል፤ ቢላው ያለፈበት መስመር ተመልሶ ይገጥማል። ሰይድ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየውና ሳቀብኝ። አየው ስል ዳሰሰው ማለቴ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱ፤ እኔ ግን እስካሁን «አየው» ነው የምጽፈው፣ እሱም «እስቲ ልየው» ነው የሚለው።

ትእዛዙ ያው ነው። ስፖንጁን ጨምቂ፣ አንዴ ብቻ አሳልፊ፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ። መልኩ ወደ ድሮው ሊመለስ ሲል፣ ጉንጭሽ ላይ ስታደርጊው ግን ገና ቀዝቀዝ ሲል፣ ያኔ ቁረጪ። ይሄ መጠበቅ የሚባል ነገር አልሆነልኝም። መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር፣ ክርና ቁልፍ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚያ የጠበቀ ሰው ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ገብቷል።

የቀረጽኩት ሐረግ መጥፎ አይደለም። አንዷ ቅጠል ብቻ ዓሣ መስላለች። ወደ ሥራ ልሂድ፣ ረፍዷል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሥራ መልስ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ደብተሬ፣ ሰይድ ሊሄድ ነው። ኮምቦልቻ፣ እህቱ ጋ። ለጥየቃ አይደለም፣ ለመኖር። በስልክ ጨርሰዋል። የእህቱ ልጅ የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ማክሰኞ 18 ቀን፣ መኪና ይዞ መጥቶ ይወስደዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ወስፌ እያቀበለኝ ነው። ነገ ውኃ ይጠፋል እንደሚል ሰው።

ለምን አልኩት። ያገናኘችን እናትሽ ነበረች፣ እሷ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት፣ አንቺም የራስሽ ኑሮ አለሽ፣ ዓይን የሌለው ሽማግሌ ስትመሪ ልትኖሪ ነው ወይ አለኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የተናገረው፤ እንደ ተከራይ።

እንደፈለግክ አልኩት። ወስፌውን ጥዬ ወጣሁ። ሲኒማ ራስ ድረስ በእግሬ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ሰውየው ምን ልስጥሽ ሲለኝ ጠፋብኝ። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ካንቺ አልደብቅም። ሰይድ አባቴ አይደለም። እማዬ እጄን ይዛ እዚህ ግቢ ስትገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። አባቴን «አንቱ» ነበር የምለው፤ ወሎ ሳለን ቤታችን እንደዚያ ነበር። እማዬ ጋሼ ሰይድ በይው አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሰይድ ነው የሚለው፣ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ። ቀበቶ የሚያሠራ ሁሉ አንቱ ይለዋል።

እኔ ሰይድ አልኩት። አንተ አልኩት። ሆን ብዬ፣ ለአንተ አንቱ አይገባህም ለማለት። እማዬ ተቆጣች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ ተወችኝ። እሱ አንድ ቀን እንኳ ፊቱ ሲጠቁር አላየሁም። ደብተር የገዛልኝ፣ ሲያተኩሰኝ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ የወሰደኝ እሱ ነው። ክፋቱ ከወጣልኝ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን አፌ ላይ ቀረ። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። መቀየሩ አሳፈረኝ።

እንግዲህ ይቺን ቅሬታ ይዞ ሊሄድ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አሳደግኳት፣ አንድ ቀን አላከበረችኝም ብሎ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት

ቦርሳ እሠራለታለሁ። በትከሻ የሚንጠለጠል፣ መድኃኒቱን፣ መታወቂያውንና መቁጠሪያ ሙስበሃውን የሚይዝበት። ክዳኑ ላይ ዙሪያውን ሐረግ፣ መሃሉ ላይ ፊደል። በጣቱ ያነበዋል። አርባ ዓመት ቀበቶ ላይ የሰው ስም ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ፊደል ከዓይኑ ይልቅ ጣቱ ያውቀዋል።

ምን ብዬ ልቅረጽ? ጋሼ ብል፣ ብዬው የማላውቀውን። አባቴ ብል፣ እጄ እምቢ አለ። ተነሥቼ ቤት ጠረግኩ፣ መጥቼ እንደገና ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሁለት ቃል፦ ሰይድ አሳደገኝ። ማንም አይከራከረኝም።

የምሠራው እሱ ማታ ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሲሄድ ነው። ጎረቤታችን ክንዱን ይዘውት ይሄዳሉ፣ ይመልሱታል። እንዳይጠረጥር ልምምዱንም አላቋረጥኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሆነልኝ። ውኃው ልክ፣ ቢላው ስል። ጥምዝ ላይ እጄን ሳይሆን ቆዳውን አዞርኩ፣ እሱ እንዳስተማረኝ። ጫፉን ሞርዶ በሰጠኝ ሚስማር የሐረጉን ዳር ቀጥቅጬ ዝቅ አደረግኩት፤ ቅጠሎቹ ብድግ አሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ቅጠል ነው።

ይህን ነገር የጀመርነው እማዬ በሞተች በወሩ፣ ዝም ብለን ከምንተያይ ብለን ነው። እንደዚያ ስለው እሱም ስቆ ነበር። አሁን ሱቅ ቁጭ ብዬ እንኳ የደንበኛን ጫማ ሳይ ስፌቱን ነው የማየው። ስንዱ፣ አብራኝ የምትሸጠው፣ ቀልብሽን ቆዳ በላው ትለኛለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተበላሸ።

«ሰይድ» አማረ። «አ»፣ «ሳ»፣ «ደ» አማሩ። «ገ» ላይ እንደደረስኩ የሰይድ ከዘራ በሩን አንኳኳ። ከመስጊድ ቀድሞ ተመልሷል። ደነገጥኩ፣ ቢላው ከ«ገ» እግር መሃል ወደ ቀኝ አመለጠኝ። ትንሽ ጭረት። ትንሽ ናት ግን «ገ»ን «ጉ» አደረገችው።

ሰይድ አሳደጉኝ።

ቆዳውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅኩ። እሱ እጁን እየታጠበ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍሺው አለኝ። ምንም አልኩት። ቆዳ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም፤ ክዳን ቀይሬ ልጀምር ብል ቀኑ አይበቃኝም።

በኋላ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያቃተኝን ቢላው አወጣው። አንቱ አልኩት። ስሙ ላይ ጋሼ ባይኖርም ግሡ አክብሮታል። ሚስማሯን አንሥቼ ጭረቷን ከፈትኳት፣ ጫፏን አስተካከልኳት፣ እንደ ሌሎቹ ፊደል አደረግኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት

ቀለም። ቡናማ፣ ዳር ዳሩን ጥቁር። በጨርቅ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እያዞሩ። ደረቁ ቆዳ ቶሎ ይጠጣል፤ የተቆረጠበት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጠጣል። ያቺ ጭረት ጠጥታ ጠጥታ ከሁሉም ፊደል ጠቆረች። ከሩቅ የምትታየው እሷ ናት።

ሱቅ ይዤው ሄጄ ለስንዱ አሳየኋት። አነበበችና አቀፈችኝ። በስተርጅና ጨዋ ሆንሽ አለችኝ። ሰም ቀብቼ አሸሁት፣ ጎኖቹን ሰፋሁ። አለቀ። እጄ ጥፍር ሥር ድረስ ቡናማ ነው፤ ኩራት ተሰምቶኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። 10 ሰዓት

ሰጠሁት።

መጀመሪያ አሸተተው። ቡናማ ነው አይደል አለ። ሐረጉን በአውራ ጣቱ ተከተለና ዓሣዋን ደግመሻታል ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አንዷን ደግሜያታለሁ። ከዚያ ፊደሉ ጋ ደረሰ። «ሰይድ» ላይ ፈገግ አለ። «ጉ» ላይ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ቆመ። ፊቱ ሲጠቁር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

«ዛሬ እንግዳ ሆንኩ?» አለኝ።

ቢላው አምልጦኝ ነው አልኩት። አይደለም አለ፣ ቢላ ሲያመልጥ የሚወጣ ጭረት ጫፉ ይቀጥናል፣ ይቺ ተስተካክላ ነው የተቀረጸችው። ጣቱ አይዋሽም፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኳት።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። መርካቶ በሙሉ አንቱ ይለኛል አለ። ኮምቦልቻም ስሄድ አንቱ ይሉኛል። አንተ የምትለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የመጣሽ ዕለት በሩ ላይ ቆመሽ «አንተ፣ ውኃ ስጠኝ» አልሽኝ። እኔም አባቴን አንተ ነበር የምለው፤ ስለዚህ ያን ቀን ለእናትሽ ነገርኳት፣ ልጅቱ አባቷ አድርጋኛለች ብዬ። እሷ ግን አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እኔ ግን ገብቶኛል። እማዬ የኔን ክፋት አውቃ ነው ያለቀሰችው፤ አውቃ አልነገረችውም።

ቦርሳውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አመሰገነኝ። በደንብ ሸኘሽኝ አለ። ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት፣ 3 ሰዓት

ለስንዱ ደውዬ ዛሬ ሥራ አልገባም አልኳት። አዲስ ክዳን ቆርጬያለሁ። ስፖንጁን ጨምቄ አንዴ ብቻ አሳለፍኩ። አሁን እየጠበቅኩ ነው፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮልኩም።

እሱ ውስጠኛው ክፍል ልብስ እያጠፈ ነው። የእህቱ ልጅ ደውሎ ነበር፤ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይደርሳል። ሰይድ እሺ ሲለው ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

የዚያችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክፋት ልነግረው አስቤ ነበር። ተውኩት። አንተ ያልኩት ለስድብ ነበር፣ እሱ የሰማው ሌላ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመትም በሰማው ነው የኖረው። እኔ ካልኩት እሱ የሰማው ይሻላል፤ እሱ ይሁን እውነቱ። ዛሬ ማ እንዳሳደገኝ የሚጠይቀኝ ቢኖር እኔም አባቴ ነው የምለው።

ቆዳውን ጉንጬ ላይ አደረግኩት። መልኩ እየተመለሰ ነው፣ ገና ቀዝቀዝ ይላል። ጊዜው ይሄ ነው። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ «ገ»ን ያለ ጭረት።

ግን ቆዳው ይቆይ፣ ቢደርቅም እንደገና አረጥበዋለሁ። ሰይድ ሻንጣውን ሲዘጋ ሰማሁት። ልነሣ። አይሂዱ አልለውም። አትሂድ ነው የምለው።