ቧንቧው ላይ ያሰርኩት ሽቦ

ውድ ጋሽ ተስፋለም፣

የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎ ሉሊና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። ደውዬ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ዘጋሁት። ድምፄን ሲሰሙ "ምን ሆንሽ ሪሐና?" ማለትዎ አይቀርም፤ ያኔ እኔም ማልቀሴ አይቀርም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

ዋናውን ላስቀድም፦ የክሊኒኩን ሳጥን ብልሽት አገኘሁት። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። የእኔ ነበር።

ኦሎምፒያ ላለው ክሊኒክ የሠሩለትን የክትባት ፍሪጅ መቆጣጠሪያ ማለቴ ነው። አራት ዲግሪ፣ አራት፣ አራት ሲል ይቆይና ድንገት አሥራ ዘጠኝ ብሎ ይጮሃል። አሥራ ዘጠኝ ባለ ቁጥር ነርሶቹ ያለውን ክትባት ሁሉ ያስወግዱ ነበር፤ ደንባቸው ነው፣ ምን ያድርጉ። ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ሳያስከትቡ ይመለሱ ነበር። እርስዎም ከሙቀት ለኪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር የምትለውጠዋን ቺፕ ጠርጥረው ሦስት ጊዜ ቀየሯት። ሳጥኑን ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው ጨዋ ይሆናል፤ ክሊኒክ ስንመልሰው ያው ነው። በመጨረሻ ዶክተር ካሳይ በታካሚ ፊት "አባባ፣ እጅዎ ደክሟል፤ ይረፉ" አሉዎት። እርስዎም አመኗቸው። ሱቃችን ካዛንቺስ ሳለ ሰው ሁሉ የጣለውን ሬዲዮ የሚያስነሳ እጅ፣ መበየጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም የደበቅኩትን ሳልተነፍስ፣ ወደ አዳማ ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዎን ተሸክሜ ሸኘሁዎት።

የደበቅኩት ይህ ነው። ሳጥኑን የገጠምን ዕለት "የኧርዙን ሽቦ መሬት ቆፍረሽ፣ የመዳብ ዘንግ ቀብረሽ እሰሪው" ብለውኝ ሌላ ሥራ ሄዱ። ግቢው ገና አዲስ ሴራሚክ ተነጥፎለት ነበር፤ ዘበኛው ቡልቻ አንዷን ብትነኪ ከዚህ አትወጪም አለኝ። መጨቃጨቁ ሰለቸኝና ሽቦውን ከፍሪጁ ጀርባ በሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ላይ ጠመጠምኩት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ቧንቧም ያው መሬት ስለሚገባ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ያወርደዋል ብዬ። ተመልሰው "ቀበርሽው?" ሲሉኝ "አዎ" አልኩ። እርስዎ የሰውን ሁሉ ሥራ በቴስተር ይፈትናሉ፤ የእኔን ቃል ግን ፈትነው አያውቁም። ከዚያ በኋላ ቧንቧው ትዝ ባለኝ ቁጥር በእሱ ሊሆን አይችልም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ።

ባለፈው ወር ሳጥኑን ሊጥሉት ነውና መጥተሽ ውሰጂው ተባልኩ። ልፈታው ስጀምር የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ጀማነሽ መወልወያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ሥራቸው ሆኖ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ ሲደርስ ፓምፑን አስነስተው ሮቶውን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። በቃ እንደ ዋዛ እንዲህ አሉኝ፦

"ይቺ ሳጥንሽ እኮ ሌላ ጊዜ ምንም አትል። ውሃ የመጣ ቀን ነው የምታብደው።"

ጋሼ፣ መፍታቱን ተውኩት። ሳጥኑ የመዘገባቸውን ቀናት አየሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ያለባቸው ሁሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ናቸው፣ የውሃ ቀን። እኛ ደግሞ ለምርመራ የምንሄደው ሁልጊዜ ሐሙስ ነበር። እትዬ ጀማነሽን ፓምፑን ያስነሱልኝ አልኳቸው፤ አሥራ ዘጠኝ። ያጥፉት፤ አራት። ሽቦውን ከቧንቧው ላይ ፈታሁና እንደገና ያስነሱት አልኩ። ፓምፑ እየጮኸ ቁጥሩ አራት ላይ ቆመ። ለካ ከአሮጌው ሞተር የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ በቧንቧው አድርጎ በእኔ ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ኖሯል። ቺፗ የደረሳትን ነው የቆጠረችው፤ ምን በወጣት።

ያን ጊዜ ሽቦውን ኪሴ ከትቼ፣ እኔ ጠገንኩት ብዬ መመስገን እችል ነበር። አልዋሽዎትም፣ አስቤዋለሁም። ግን እግሬ ዶክተር ካሳይ ቢሮ ወሰደኝና ሁሉንም ተናገርኩ። ሰሙኝና "ታዲያ እኚያን ሰውዬ ያሳፈርናቸው በከንቱ ነዋ" አሉ። አዎ አልኳቸው። ሴራሚኩን አንሺ ብለው ፈቀዱልኝ፤ ቡልቻ ራሱ ዶማ ይዞ ቆፈረልኝ። ዘንጉን እርጥበት እንዲይዝለት ከጨውና ከከሰል ጋር ቀብሬ ሽቦውን አሰርኩበት። ይኸው አራት ሳምንት፣ ስምንት የውሃ ቀን አለፈ፤ አንድም ጊዜ አልጮኸም፤ አንድም ብልቃጥ አልተጣለም። ትናንት ወረፋ የያዙትን ሕፃናት ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ ስድስት ናቸው። ሁሉም ተከትበው፣ ሁሉም እያለቀሱ ሲወጡ እኔ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም። ግን አሁን ዶክተሩ ሁለት ፍሪጆች ጨምረዋል፤ መቆጣጠሪያቸውን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲሠራው አይፈልጉም። ይህን ደብዳቤ ዛሬ በአዳማ ሹፌር እልካለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ይደውልልዎታል፤ እባክዎ ያንሱት። ዶክተር ካሳይ ይቅርታ ሊጠይቁዎት ነው። ያዋረዱዎት በታካሚ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በታካሚ ፊት ይሁን አልኳቸው፤ እሺ ብለዋል፣ ስልኩን ድምፁን ከፍተው እዚያው መጠበቂያ ክፍል ያደርጉታል። እኔም እዚያው እቆማለሁ።

እኔን ይቅር ማለት ቢያቅትዎት አልፈርድብዎትም። እጅዎን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይጠረጥሩት።

አክባሪዎ፣ ተማሪዎ
ሪሐና