ማኅተምዎ ስላረፈበት የጉበት ማጽጃ

ለተጨማሪ ምግቦችና ለመድኃኒቶች መርማሪ መሥሪያ ቤት ክቡር ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰላም፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ ከሁሉም በላይ ጉበትዎ ደኅና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ጉበትዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት፣ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ከታገሡኝ ያገኙታል።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ይህን የምጽፍልዎም ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ጋራዥ የገባውና እኔን ለወግ ለማዕረግ ያበቃኝ እሱ ስለሆነ፣ ዛሬም ድረስ ጋሼ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ሥራው መኪና ቀለም መቀባት ነው። ዕድሜውን በቲነር ሽታ ውስጥ ስላሳለፈ፣ ሐኪም መርምራ ጉበቱ መጎዳቱን ነገረችው፤ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን እንዳይረጭ፣ ክኒኑንም እንዳያቋርጥ አዘዘችው። እሱም የእርስዎን ማኅተም እስኪያይ ድረስ የታዘዘውን ሁሉ ሲፈጽም ነበር። ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይነበብ ከመሥሪያ ቤትዎ መስኮቶች በአንዱ ተነግሮኛልና።

1. ስለ ብልቃጡ። በሰፈራችን መድኃኒት ቤት፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ዓይኑን በሚያሳርፍበት መደርደሪያ ላይ፣ «ንጹሕ ጉበት» የሚባል አረንጓዴ ዱቄት ተደርድሯል። ብልቃጡ ላይ ቅጠል ተስሏል። ዱቄቱ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ እንደሆነ፣ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን መርዝ ጠራርጎ እንደሚያወጣ፣ ጉበት ሳይጸዳ የሚወሰድ መድኃኒትም ከንቱ እንደሆነ ተጽፎበታል። የትኛው መርዝ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ግን አልተጻፈም። እባብም ተፈጥሯዊ ነው ብዬ ጋሼን ብሞግተው፣ ጣቱን ከቅጠሉ በታች ባለው ክብ ማኅተምዎ ላይ አሳረፈልኝ። የሐኪሟን ክኒን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዱቄቱን መበጥበጥ ጀመረ። ለአንድ ቅጠል ሥዕል ይህን ያህል ግርማ ስላላበሱት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. ስለ ቢጫው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጋሼ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ መዳፉ። እኔ ደንግጬ ወደ ሐኪም እንሂድ ስል፣ እሱ ግን ደስ አለው። የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ ቆሻሻው እየወጣ ስለሆነ መጠኑን እንዲጨምር መከረችው። ክቡር ሆይ፣ ጋሼ ሞኝ አይደለም። የተሳሳተው ሙያውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። መኪና ቀቢ አዲስ ቀለም ከመርጨቱ በፊት አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ይፍቃል፤ የጎደጎደውን በስቱኮ ይሞላል፤ በዚያ ጊዜ መኪናው ዥጉርጉር ሆኖ እንኳን ባለቤቱ ጠላቱ ያለቅስለታል። የሚያለቅስ ባለመኪና በመጣ ቁጥር ጋሼ የሚያጽናናው፣ ያላስጠላ መኪና አያምርም እያለ ነው። ይህንኑ ለራሱ አካል ተረጎመው። የጋራዡ ሰዎችም ዓይኑን እያዩ፣ መፋቁ አልቋል፣ የቀረህ መረጨት ብቻ ነው እያሉ እንኳን ደስ ያለህ አሉት፤ ሁለቱ ከዚያው ብልቃጥ ለራሳቸው ገዙ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል የሚባለውን ሰምቼ ነበር፤ በማኅተም ሲናድ ግን ብልሁም እንደሚልስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

3. ስለ መስኮቶችዎ። ብልቃጡን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። የምግብ ክፍሉ ሰውዬ ጉበት የሚል ቃል ስላለበት መድኃኒት ነው ብሎ ወደ ላይኛው ፎቅ ሰደደኝ። የመድኃኒት ክፍሏ ወይዘሮ ቅጠል ስላለበት ምግብ ነው ብላ ወደ ታች መለሰችኝ። ለጉበት እንቅስቃሴ ይበጃል ይባላልና፣ ደረጃውን ስላመላለሱኝ የእኔን ጉበት ጠቅመውታል። በመጨረሻ ጉዳዩ ከእርስዎ ዘንድ ደረሰ፤ እርስዎም በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ማኅተሙ የሚመሰክረው ዕቃው መመዝገቡን እንጂ መመርመሩን እንዳልሆነ አስረዱኝ። በውስጡ ያለውን እስካሁን የመረመረው ሰው እንደሌለ፣ ኮሚቴ ሲቋቋም እንደሚታይ ጨመሩልኝ። እኔ መጋረጃ ስሰፋ ጨርቁን ሳልዘረጋ አልቆርጥም፤ እናንተ ግን ማኅተም ለማሳረፍ ክዳኑን መክፈት እንኳ አላስፈለጋችሁም። ይህን የመሰለ የሥራ ቅልጥፍና ሌላ ቦታ አላየሁም።

4. ስለ አልጋው። ጋሼ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ወድቆ ነው ያመጣነው። ሐኪሟ ጉበቱ ጨርሶ ሳይከዳው ዱቄቱን ካቆመ ተስፋ እንዳለው፣ ካላቆመ ግን ምንም ልታደርግለት እንደማትችል ለእሱም ለእኔም በግልጽ ነግራናለች። እሱ ግን ብልቃጡን ትራሱ ውስጥ ደብቆ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ በፔርሙስ ክዳን በጥብጦ ይጠጣል። አንዱን ብልቃጥ ስጥልበት ከጋራዡ ሌላ ያመጡለታል። ትናንት እግሩ ሥር ወድቄ ስለምነው እጁን ራሴ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «እቴ፣ እሷ አንድ ሐኪም ናት፤ ይሄ ግን መንግሥት ያለበት ነው። መንግሥት አይቶ ያለፈውን አንቺ ታቆሚዋለሽ?»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ። ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም። ያሳደገኝ ሰው ዓይኔ እያየ እርስዎን በማመን እየሞተ ነው። ካሣ አልጠየቅኩም፤ ማንም እንዲታሰር አልጠየቅኩም። የለመንኩዎት ያንኑ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ «ይህ ዱቄት አልተመረመረም፤ አይጠጣ» የሚል አንዲት ወረቀት ነበር። እኔን አይሰማም፣ ሐኪሟን አይሰማም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። እርስዎ ደግሞ ኮሚቴው ሳይቋቋም ምንም ለመጻፍ ሥልጣን እንደሌለዎት አስታወቁኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ የእርስዎ ዝምታ እስካሁን አልነቀዘም፣ የነቀዘው የጋሼ ጉበት ነው።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የመሥሪያ ቤትዎ መስኮቶች እንዲበዙ፣ ደረጃዎቹ እንዲረዝሙ፣ የማኅተምዎም ቀለም ከቶ እንዳይደርቅ በመመኘት፣ ከሆስፒታል አልጋ ሥር ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

መጋረጃ ሰፊዋ፣
የመኪና ቀቢው ታናሽ እኅት

ማስታወሻ፦ በተቀበሉኝ ዕለት፣ አቤቱታዬን ሲያነቡ መነጽርዎን አውልቀው ነበር። በመስኮትዎ ደፍ ላይ «ንጹሕ ጉበት» ማንኪያ ተሰክቶበት እንደተቀመጠ ያየሁት ያኔ ነው፤ የዓይንዎ ነጩ ቢጫ መሆኑንም ያየሁት ያኔ ነው። የጋሼም የጀመረው ልክ እንደዚያ ነበር። ማኅተምዎን የሚያምኑ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው። የማያምኑ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህን ስልዎ አልቀለድኩም፣ ለጠላቴም አልመኘውም። ሐኪሙ ዱቄቱን ያቁሙ ባለዎት ሰዓት ለራስዎ ሲሉ የሚያወጡትን ትእዛዝ፣ ኮሚቴ ሳይጠብቁ፣ ግልባጩን ለወንድሜ ይላኩልኝ።