የፈለቀች ጉርሻ

ውድ እህቴ ፈለቀች፣

ቀኝ እጄን አምስት ወር ሙሉ ያስተኛሽው አንቺ ነሽ። ስትሮክ የጣለኝ በአንድ ቀን ነው፤ የቀረውን በእንክብካቤ ጨረስሽው።

አትቆጪ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ፊቴን የምታጥቢ አንቺ፣ ነጠላዬን የምታጣፊ አንቺ። ምሳ ሲቀርብ እጄ ከጭኔ ሳይነሳ ጉርሻሽ አፌ ይደርሳል። «እትዬ፣ እኔ እያለሁ ለምን ትለፊያለሽ» ትያለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀሽ። እኔም እየጎረስኩ እመርቅሽ ነበር፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

ፊዚዮቴራፒ የወሰድሽኝ ቀን ወጌሻ ዘንድ የምንሄድ መስሎሽ ለጋ ቅቤ በብልቃጥ ይዘሽ ነበር። ናዕማ፣ ያቺ ቀጭኗ ባለሙያ፣ ብልቃጡን አይታ ሳቀች። «እማማ፣ እኔ እጅዎን አላሽም። የሚሠሩት እርስዎ ነዎት» አለችኝና ባዶ ኩባያ ፊቴ አስቀመጠች። አንሺ የተባልኩት እኔ፣ ያነሳሽው አንቺ። ሁለተኛም አነሳሽው። በሦስተኛው ውጭ እንድትጠብቂ ለመነችሽ። አንቺ ግን ተቀይመሽ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ልጅሽ ቤት ሄደሽ ገባሽ። ይኸው ሦስት ወርሽ።

ሁለት ቀን በግራዬ እየበላሁ ረገምኩሽ። ከዚያ ናዕማ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ በቀኜ ሽምብራ እየለቀምኩ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እንዳዛውር። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ ያዝኩ፣ እሷም አምልጣኝ አልጋ ሥር ገባች። አለቀስኩ። የሚያነሳልኝ ስላጣሁ አልጋውን ተደግፌ ራሴ ጎንበስ አልኩ። ለናዕማ ብነግራት «ይሄንንም ከስፖርቱ እንቁጠረው» አለችኝ።

አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ ክር ፋብሪካ የገባሁት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በሽታው ሲጥለኝ ከእግሬ ይልቅ የቆጨኝ ጽሕፈቴ ነው። ናዕማ «እጅዎ ምን ቢሠራልዎ ይወዳሉ?» ስትለኝም እሱኑ ነገርኳት። መጀመሪያ የጻፍኩት የስምሽን መነሻ ነው፣ «ፈ»ን። እግሯ ተንጋዷል፤ ግን ቆማለች። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማንም እጄን አልያዘልኝም።

ቅዳሜ ለምሳ ነይ። ሽሮ እሠራለሁ። ታጥበሽ ተቀመጪ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ በቀኜ የማጎርስሽ እኔ ነኝ። ግማሹ ጉንጭሽ ላይ ቢቀር ቻይው። እኔ ግን ከእንግዲህ ከእጅሽ አልጎርስም።

እህትሽ ፍቅርተማርያም
አቃቂ